ኮዱን መመለስ ይቻላል፤ ዳታቤዙንስ?

ጥያቄያችሁ ባጭሩ ይህ ነው፦ ሦስት ፕሮግራመሮች በፒኤችፒ ቋንቋና በማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ የተሠራ አንድ ሲስተም ይጠብቃሉ። ኮዱ ጊት (የኮድ ለውጦችን ታሪክ የሚይዝ መሣሪያ) ላይ አለ፤ ወደ ፕሮዳክሽን (ደንበኞች ወደሚጠቀሙበት ሰርቨር) ሲሄድ ግን ሁሉም የነካካውን ፋይል በኤፍቲፒ (ፋይል ወደ ሰርቨር መላኪያ ዘዴ) ይጭናል። አንዱ ማታ በቀጥታ ሰርቨሩ ላይ ያደረገውን እርማት፣ ሌላው በማግስቱ አሮጌውን ፋይል ጭኖ አጠፋበት። ብዙም ሳይቆይ አዲስ ኮድ ወጣና የትእዛዝ ገጹ ቆመ፤ ኮዱ የሚፈልገው ኮለም (የዳታቤዝ ቴብል ዓምድ) የነበረው በጻፈው ልጅ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው። «ጄንኪንስ እንትከል ወይስ ወደ ኩበርኔቲስ እንሂድ?» ትላላችሁ። ጄንኪንስ ኮድ የመፈተሽና የማውጣት ሥራን በራሱ የሚያስኬድ፣ ኩበርኔቲስ ደግሞ ፕሮግራሞችን በብዙ ሰርቨሮች ላይ የሚያስተዳድር መሣሪያ ነው።

ኩበርኔቲስን እርሱት፤ አንድ ሰርቨር ላይ ላለ አንድ ሲስተም ከሚያቃልለው የሚያወሳስበው ይበልጣል። ጄንኪንስም ይቆይ። እሱ የሚሠራው የታዘዘውን ነው፤ እናንተ ደግሞ ገና የምታዙት ነገር የላችሁም።

መጀመሪያ ሰርቨሩ ላይ በትክክል ምን እንዳለ እወቁ። ኮዱን ሙሉውን አውርዱና ጊት ላይ ካለው ዋና ብራንች (የኮዱ ዋና መስመር) ጋር አወዳድሩት። መለያየቱ አይቀርም፤ ማን እንደፈጠራቸው የማይታወቅ፣ ስማቸው ላይ «አሮጌ» ወይም «የመጨረሻ» የተለጠፈባቸው ፋይሎችም ይገኛሉ። እየሠራ ያለውን እንዳለ ኮሚት አድርጉት (ጊት ላይ መዝግቡት)፤ ጽዳቱ ይደርሳል። የይለፍ ቃል ያለበት የኮንፊግ (የሲስተሙ ቅንብር) ፋይልና ደንበኞች የጫኗቸው ሰነዶች ግን አብረው እንዳይገቡ። አንዴ ጊት ውስጥ የገባ የይለፍ ቃል ፋይሉ ቢሰረዝም በታሪኩ ውስጥ ይቀመጣል፤ ያለው አማራጭ ቃሉን መቀየር ነው። ይህ እንዳለቀ ኤፍቲፒውን ዝጉት። «ለአስቸኳይ ጊዜ ይቀመጥ» የሚል አይጠፋም፤ አትስሙት።

ቀጥሎ አንድ ስክሪፕት ጻፉ። የታግ (ለአንድ የኮድ እትም ጊት ላይ የሚሰጥ መለያ) ስም ተቀብሎ ኮዱን በዚያ ስም በተሰየመ አዲስ ፎልደር ያስቀምጣል፤ በኮምፖዘር (የፒኤችፒ ላይብረሪ ማምጫ መሣሪያ) ሎክ ፋይል የተመዘገቡትን ላይብረሪዎች ይጭናል፤ ኮንፊጉንና የደንበኞቹን ሰነዶች ከውጭ ካሉበት ያገናኛል፤ በመጨረሻም ዌብ ሰርቨሩ የሚያየውን ሲምሊንክ (ወደ ሌላ ፎልደር የሚጠቁም አቋራጭ) ወደ አዲሱ ፎልደር ያዞራል። በኤፍቲፒ ጊዜ ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ ሆኖ የሚሠራበት ሰዓት ነበር፤ ያ ይቀራል። መመለስ ካስፈለገ ሲምሊንኩን ወደ ቀድሞው ፎልደር ማዞር ነው፤ ስለዚህ የመጨረሻዎቹን አራት አምስት ፎልደሮች አትሰርዙ። ሲምሊንኩ ከዞረ በኋላ ስክሪፕቱ ፒኤችፒን ሪሎድ ያድርግ። አለዚያ ኦፕካሽ (ፒኤችፒ የተዘጋጀ ኮድ ሜሞሪ ውስጥ የሚያቆይበት) አሮጌውን ኮድ ማስኬዱን ሊቀጥል ይችላል፤ ኮዱ ወጥቶ ለውጡ የማይታይበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

እስካሁን ያልኩት ቀላሉ ነው። ኮድ በሰከንድ ይመለሳል፤ የተሰረዘ ኮለም ውስጥ የነበረ መረጃ ግን ከባክአፕ ካልሆነ አይመለስም። የዳታቤዝ ለውጥ ሁሉ ቁጥር ባለው የሚግሬሽን ፋይል (የዳታቤዝ ለውጥ ትእዛዝ በያዘ ፋይል) ተጽፎ ከኮዱ ጋር ጊት ውስጥ ይግባ፤ የትኞቹ እንደተፈጸሙ የሚመዘግብ ቴብል ዳታቤዙ ውስጥ ይኑር። አንዴ ፕሮዳክሽን ላይ የሄደ ፋይል አይነካም፤ ስሕተት ቢኖርበት እንኳ ማረሚያው አዲስ ፋይል ነው። ማይኤስኪውኤል ላይ ናችሁና አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ኦልተር ቴብል (የቴብል አወቃቀር መቀየሪያ ትእዛዝ) ትራንዛክሽን (አንድ ላይ የሚጸና ወይም የሚሰረዝ የትእዛዞች ስብስብ) ውስጥ ቢሆንም ራሱ ኮሚት ያደርጋል፤ ማለትም ለውጡን ወዲያው ያጸናል። አንድ ፋይል ውስጥ ሦስት ለውጥ ጽፋችሁ ሁለተኛው ቢወድቅ የመጀመሪያው እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ለአንድ ፋይል አንድ ለውጥ።

ቅደም ተከተሉ ደግሞ ይህ ነው፦ ኮለም ሲጨመር ከኮዱ ይቀድማል፣ ሲሰረዝ ከኮዱ ይከተላል። ባዶ መሆን የሚችል ትርፍ ኮለም አሮጌውን ኮድ ብዙ ጊዜ አያውከውም፤ የጎደለ ኮለም ግን አዲሱን ያቆመዋል፤ የትእዛዝ ገጻችሁ የቆመው በዚህ ነው። ስም መቀየር በጣም ይፈትናል፣ ምክንያቱም በአንድ መስመር የሚያልቅ ይመስላል። «ስልክ» የሚለውን «ሞባይል» ለማለት አዲሱን ኮለም ጨምሩ፤ ኮዱ ሁለቱም ላይ ይጻፍ፤ የቆዩትን መረጃዎች በትንሽ በትንሹ ገልብጡ፤ በሚቀጥለው እትም ከአዲሱ ብቻ ይነበብ፤ አሮጌው የሚሰረዘው ማንም እንደማይነካው ካረጋገጣችሁ በኋላ ነው። አሰልቺ ነው፤ ግን ከስረዛው በፊት በየደረጃው አንድ እርምጃ መመለስ ይቻላል።

አዲስ ኮድ ዓርብ አታውጡ የሚለውን ምክር አልወደውም። ቀኑ የፈለገው ይሁን፣ ከወጣ በኋላ ለጥቂት ሰዓት ስልኩን የሚያነሳ ሰው ይኑር። የጻፈው ሰው ብቻውን አያውጣ፤ ሌላኛው አይቶለት ይውጣ። የሌሊት ጥገናም በዚያው ስክሪፕት ይለፍ።

ኮዱ ከመውጣቱ በፊት የሚሞከርበት ሰርቨር ትንሽ ቢሆንም የፒኤችፒውና የማይኤስኪውኤሉ ቨርዥን ከፕሮዳክሽኑ ጋር አንድ ይሁን። ዳታውን ከፕሮዳክሽን ባክአፕ መልሱ፤ ባክአፑ የሚሠራ መሆኑን በዚያው ታዩታላችሁ። ሲስተሙን ከማስነሳታችሁ በፊት ግን የደንበኞችን ስምና ስልክ ቀይሩ፤ ኢሜይልና ኤስኤምኤስ መላኪያውን፣ የክፍያ ግንኙነቱን ቁረጡ። የክሮን ሥራዎችንም አትርሱ፤ ማንም ሳያዛቸው በሰዓታቸው ይነሳሉ።