መልስ፦ ትዝታ ስመታ ለምን ደስታ ደስታ ይላል?

ኪቦርድ ላይ የምትመታው ትዝታ ሆድ የማያባባው ሙሉ ትዝታ የሚባለውን ቅኝት (የድምፆች አደራደር)፣ ማለትም ዶ-ሬ-ሚ-ሶል-ላን ስለያዝክ ይመስለኛል። ሚንና ላን በግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጋቸው፤ ከዶ ከጀመርክ ሁለቱም ጥቁር ቁልፎች ላይ ያርፋሉ። እንጉርጉሮው ጎልቶ የሚሰማው ከላ ፍላት (ዝቅ ካደረግከው ላ) ወደ ሶል ስትወርድ ነው፤ እዚያ ላ ፍላት ላይ ቆየት በል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን በግራ እጁ ነው። ዜማውን ቀይሮ የዶ ሜጀር ኮርድ (ዶ፣ ሚና ሶል አንድ ላይ) እንደያዘ ይቀራል፤ የኮርዱ ሚ ከዜማው ሚ ፍላት ጋር ይጋጫል። ዶና ሶልን ብቻ ያዝ፣ ይበቃል። አውቶማቲክ ሪትሙንም ለጊዜው አጥፋው። (ሙሉው ትዝታም ቢሆን ቀስ ብሎ ሲንቆረቆር ያስለቅሳል፤ ሁሉን በቅኝት አታሳብብ።)