ርችት ለሚፈራ ውሻ ምን ይደረግ? (መልስ)

ውሻዎ ርችት በተተኮሰ ቁጥር አልጋ ሥር ገብቶ እንደሚንቀጠቀጥ ገልጸው፣ ማባበልዎ ፍርሃቱን ያባብስበት እንደሆነ ጠይቀዋል። አያባብስበትም፤ ፍርሃት ስሜት እንጂ በሽልማት የሚጠነክር ጠባይ አይደለምና ወደ እርስዎ ከተጠጋ በእርጋታ ይደባብሱት፣ መደበቅን ከመረጠ ግን ጎትተው አያውጡት።

የሰው ጆሮ እስከ 20,000 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ) ገደማ ሲሰማ የውሻ ጆሮ እስከ 45,000 ኸርዝ ስለሚደርስ፣ እኛ ልብ የማንለው ፉጨት ሳይቀር ይረብሸዋል። ስለዚህ ጀንበር ሳትጠልቅ አንሸራሽረው ያስገቡት፤ መስኮቱን ዘግተው መጋረጃውን ከጋረዱ በኋላም ሬዲዮ በመጠነኛ ድምፅ ይክፈቱለት። በጠረጴዛ ላይ እስከ ወለል የሚወርድ ብርድ ልብስ አልብሰው፣ ከሥሩ የእርስዎ ጠረን ያለበት አሮጌ ሹራብ ቢያነጥፉለት ጥሩ መሸሸጊያ ይሆነዋል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው የውጭውን በር ነው። የደነገጠ ውሻ እንግዳ ሲገባ በእግሮች መካከል ሾልኮ ሊጠፋ ስለሚችል፣ ስልክ ቁጥርዎ የተጻፈበት የአንገት ማሰሪያ በዚያ ምሽት አይለየው።

የሰው መድኃኒት በፍጹም አይስጡት። ፍርሃቱ የጠና ከሆነ ቀናት ቀደም ብለው የእንስሳት ሐኪም ያማክሩ፤ አሴፕሮማዚን የተባለ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ከታዘዘለት ግን አማራጭ እንዳለ ይጠይቁ፤ ይህ መድኃኒት ብቻውን ሲሰጥ ሰውነትን እንጂ ፍርሃትን አያደነዝዝምና። ለከርሞው ደግሞ የርችት ድምፅ ቀረጻ በጣም ዝቅ አድርገው እያሰሙ፣ የሚወደውን ምግብ እየሰጡ፣ ድምፁንም በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ ከፍ እያደረጉ ያለማምዱት።