እንስሳቱን መጨረሻ ላይ አድርጊው

እህቴ፣ ቅዳሜ ሦስት ልጆች ይዛችሁ እርሻ ልትሄዱ እንደሆነ፣ እንስሳት እንደሚያዩ፣ ፍሬ ራሳችሁ እንደምትለቅሙና ስትወጡ ከእርሻው ገበያ እንደምትገዙ ጽፈሽ «ምን እንያዝ?» ብለሻል። ትንሹ ሦስት ዓመቱ ነው ያልሽውን ሳነብ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። የእኔም ያኔ ሦስት ዓመቱ ነበር። ስለ ኮፍያና ስለሚጠጣ ውሃ ሌሎቹ ነግረውሻል፤ እኔ አልደግመውም።

1. ከመነሳትሽ በፊት ደውዪ። በበጋ ቅዳሜና እሑድ ሰው ስለሚበዛ የደረሰው ፍሬ ቶሎ ተለቅሞ ያልቃል። እኛ የመጀመሪያው ጊዜ ሁለት ሰዓት ነድተን ስንደርስ «የዛሬው አልቋል» ተባልን። ልጆቹ እስከ ቤት እያለቀሱ ተመለሱ። በጠዋት ግቡ። ፀሐይ ሳያሞቀው የተለቀመ ፍሬ ብዙ ይቆያል።

2. እንጆሪ ስትለቅሙ ሙሉ በሙሉ የቀላውን ብቻ ውሰዱ። ከተቆረጠ በኋላ ቀለሙ ቢጨምር እንኳ አይጣፍጥም። ኮክና ቲማቲም ግን ቤት ገብተውም ይበስላሉ። ይህን ለልጆችሽ መንገድ ላይ ንገሪያቸው። ትልቋ ልጄ አሁን ከእኔ በተሻለ ትመርጣለች። እንጆሪውን ቤት እንደገባሽ ሁሉንም አትጠቢው፣ እርጥበት ያሻግተዋል። የምትበሉትን ብቻ፣ በምትበሉበት ሰዓት እጠቢ።

3. እንስሳቱ። ይህን የጻፍኩልሽ ለዚህ ነው።

ልጄ ሦስት ዓመቱ እያለ በሄድንበት እርሻ ልጆች ገብተው የሚነኳቸው ፍየሎችና ጥጆች ነበሩ። ልጄ ለአንዷ ግልገል ሣር ሲያጎርሳት እጁን ላሰችው። በሳቅ ፈረሰ። ስንወጣ በሩ ላይ ሳኒታይዘር ተሰቅሏል። ቧንቧ ግን የለም። እጁን በሳኒታይዘር አሸሁለትና ጨረስኩ ብዬ አሰብኩ። ትንሽ እንደሄድን ከሳጥኑ እንጆሪ እያነሳ ይበላ ነበር።

በአራተኛው ቀን ሆዱን ቆረጠው፤ ተቅማጥም ጀመረው። በማግስቱ ደም አየሁ። ሐኪም ቤት ስንደርስ የመጀመሪያው ጥያቄ «ተቅማጥ የሚያስቆም መድኃኒት ሰጥታችሁታል?» የሚል ነበር። እንኳን አልሰጠሁት! ለካ በእንዲህ ያለው ሕመም ተቅማጡን በመድኃኒት ማስቆም ጉዳቱን ያባብሰዋል። ምርመራው ኢ. ኮላይ ኦ157 የሚባል ጀርም አሳየ። ከብት፣ በግና ፍየል ምንም ሳያማቸው ይሸከሙታል። ስለዚህ «እንስሳቱ ጤነኛ ናቸው» ቢሉሽ ምንም ማለት አይደለም። ይህ ጀርም ከተገኘባቸው ሰዎች ከመቶ ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ኩላሊታቸው ይጎዳል። ይበልጥ የሚያሰጋውም ከአምስት ዓመት በታች ላሉት ነው። ዘጠኝ ሌሊት አልጋው ሥር ተኛን። ኩላሊቱ ተረፈ፤ ፈጣሪ ይመስገን። እነዚያን ሌሊቶች ግን እስከ ዛሬ አልረሳኋቸውም።

ሳኒታይዘር አፈርና እበት የነካውን እጅ አያጸዳም። እድፉ ጀርሙን ይሸፍነዋል። የሚያጸዳው ሳሙናና የሚፈስ ውሃ ነው፤ ቢያንስ ለ20 ሰከንድ። እንስሳቱን ባይነኩም አጥሩን ከነኩ መታጠብ አለባቸው። እዚያ ውስጥ ምንም አይበላም፣ ጡጦም አይወጣም። መሬት የወደቀ፣ ሕፃን የሚጠባው የላስቲክ ጡት ቦርሳሽ ውስጥ ይገባል እንጂ ወደ ልጁ አፍ አይመለስም።

ልጄ ከዳነ በኋላ ሌላው ሰው እንዲጠነቀቅ ብዬ ለእርሻው ደወልኩ። ገንዘብ አልጠየቅኩም። የቢሮው ሰው «ልጅ ሁልጊዜ ይታመማል፣ እኛ ሳኒታይዘር አስቀምጠናል» አለኝና ስልኩን ዘጋው። በጣም ተናደድኩ። የሐኪሙን ወረቀት አያይዤ ደብዳቤ ጻፍኩላቸው፤ አንድ ቅጂም ለጤና ቁጥጥር አስገባሁ። በሚቀጥለው በጋ እዚያ የሄደች ዘመዴ ፎቶ ላከችልኝ። በሩ ላይ ሁለት ቧንቧ ከነሳሙናው ቆሟል። አንደኛው ለልጅ ቁመት ዝቅ ያለ ነው። አንድም ቃል አልጻፉልኝም። እኔ ግን ያ ቧንቧ የእኔ ነው እላለሁ።

እርሻ መሄድ አልተውንም፤ ቅደም ተከተሉን ነው የቀየርነው። መጀመሪያ ፍሬ እንለቅማለን፣ ከዚያ ምሳ እንበላለን፣ ከዚያ ገበያ። እንስሳቱ መጨረሻ ላይ ናቸው። ከእነሱ በኋላ ሳሙና፣ ጫማ መቀየር፣ መኪና። አሥር ሊትር ውሃ የሚይዝ ባለቧንቧ ጄሪካን ከሳሙና ጋር ከመኪናው ኋላ አይጠፋም። ሌላ ምንም ባትይዢ እሱን ያዢ።

4. ገበያው ላይ «ይሄን ራሳችሁ ነው ያመረታችሁት?» ብለሽ ጠይቂ። አንዳንዱ ከጅምላ ገዝቶ የሚሸጥ ነው። ያመረተው ሰው መቼ እንደቆረጠው ሳያንገራግር ይነግርሻል። የበቆሎ እሸት ከገዛሽ ማታውኑ ቀቅዪው። ከተቆረጠ ጀምሮ ስኳሩ ጣፋጭ ወዳልሆነ ስታርች ይቀየራል፣ የመኪና ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል። የበረዶ ሳጥን ካለሽ እሱ ውስጥ ይግባ። ያልፈላ ወተት «ትኩስ ነው፣ ቅመሱ» ቢሏችሁ ለልጆቹ አታስቀምሺ። ያው ጀርም በወተትም ይመጣል።

ዛሬውኑ ደውዪላቸውና ከእንስሳቱ በረት አጠገብ ቧንቧና ሳሙና እንዳለ ጠይቂ። «ሳኒታይዘር አለ» ካሉሽ ጄሪካኑን ሙዪ።