«ራዳሩም አይቶታል» ሲባል

ከደረሱን ጥያቄዎች ሦስቱ ስለ ዩፎ (ምንነታቸው ስላልታወቀ በራሪ ነገሮች) ናቸው፤ ሦስቱም የሚያነሡት አብራሪዎችና ራዳር ስለመሰከሩባቸው አጋጣሚዎች ስለሆነ አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)፦ በ1952 ዋሽንግተን ላይ የታዩትን ዩፎዎች የያዘው ራዳር የነበረበት ኤርፖርት ከቤቴ ብዙ አይርቅም። የሰው ዓይን ይሳሳታል እንበል፤ ራዳር ግን እንዴት ይሳሳታል?

መልስ፦ ራዳር የሚለካው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ አንቴናው በየት በኩል ዞሮ እንደነበርና ሞገዱ ደርሶ ለመመለስ ስንት ጊዜ እንደፈጀበት። በየማይክሮ ሴኮንዱ 150 ሜትር ርቀት ያስባል፤ ማሚቶው ከ1,000 ማይክሮ ሴኮንድ በኋላ ከመጣ «150 ኪሎ ሜትር ላይ አንድ ነገር አለ» ብሎ ነጥብ ያኖራል። ሞገዱ በቀጥታ ይሂድ ወይም መንገድ ላይ ይታጠፍ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

የሚታጠፈው ደግሞ ከታች ቀዝቃዛ፣ ከላይ ሞቃት አየር ሲነጠፍ ነው። ኅዳር 12 ማለዳ አዲስ አበባ ላይ የሚታጠነው ቆሻሻ ጭሱ ወደ ላይ አልወጣ ብሎ ጣሪያ ለጣሪያ ሲተኛ ያየ ሰው ይህን ንጣፍ አይቷል። የራዳር ሞገድ እንዲህ ያለ ንጣፍ ሲገጥመው ወደ መሬት ይጎብጥና ሕንፃ፣ መኪና፣ ጀልባ መትቶ ይመለሳል። ስክሪኑ ላይ ግን ሰማይ ላይ ያለ ነገር ይመስላል።

ጁላይ 19 ቀን 1952 ለእኩለ ሌሊት 20 ደቂቃ ገደማ ሲቀረው የናሽናል ኤርፖርት ተቆጣጣሪው ኤድዋርድ ኑጀንት ከከተማው በስተደቡብ ምዕራብ 15 ማይል ያህል ርቀት ላይ ሰባት ነጥቦች አየ፤ የበረራ መርሐ ግብር የሌላቸው። አለቃው ሃሪ ባርንስም አረጋገጠ። ከደላዌር የተነሡ ኤፍ-94 ጄቶች ሲደርሱ ነጥቦቹ ጠፉ። በሳምንቱ ጁላይ 26 ሌሊት ደግሞ ተመለሱ። ጁላይ 29 የአሜሪካ አየር ኃይል የስለላ ኃላፊ ጄኔራል ጆን ሳምፎርድ ፔንታጎን ውስጥ ጋዜጠኞችን ሰብስበው ምክንያቱ ይኸው የአየር ንጣፍ ሊሆን እንደሚችል ተናገሩ።

ብዙ ሰው ይህን ማምለጫ ነው ይለዋል። እኛ ግን በ1953 የአገሪቱ ሲቪል ኤሮኖቲክስ መሥሪያ ቤት ያወጣውን ጥናት እንመዝናለን። አጥኚዎቹ እንዲህ ያሉ ነጥቦችን በየሌሊቱ ሲከታተሉ፣ ነጥቦቹ በንፋሱ አቅጣጫ፣ ግን በንፋሱ ፍጥነት እጥፍ እንደሚሄዱ አገኙ። ይህ ደግሞ የመስተዋት ጠባይ ነው፦ በንጣፉ ላይ ያለው አንጸባራቂ እጥፋት ከንፋሱ ጋር አንድ ርምጃ ሲሄድ፣ ራዳሩ በስተጀርባው የሚያኖረው ምስል ሁለት ርምጃ ይሄዳል። የማይንቀሳቀሰውን የሚሰርዘው ማጣሪያም እዚህ ላይ አይረዳም፤ ነጥቡ ይንቀሳቀሳልና ያሳልፈዋል። በዚያው ሰሞን አንድ ቢ-25 የጦር አውሮፕላን ወደ ነጥቦቹ እየተመራ ሲበር፣ ከሥሩ በፖቶማክ ወንዝ ወደ ማውንት ቨርነን የምትሄድ የሽርሽር መርከብ ነበር ያገኘው። የእርስዎ ሰፈር ወንዝ መሆኑ ነው።

ሁሉም ነገር ግን አልተዘጋም። የዚያ ሌሊት ንጣፍ ጠንካራ አልነበረም ብለው የሚከራከሩ የከባቢ አየር ሊቃውንት ነበሩ። የካፒታል አየር መንገዱ አብራሪ ፒርማንም ስድስት ብርሃኖች አይቻለሁ ብሏል። የሚከብደው ክፍል ይህ ነው፤ በዓይን የታየው ብርሃንና ነጥቡ በአንድ ቦታና በአንድ ሰዓት መገጣጠማቸው በሚገባ ካልተመዘገበ ሁለት ምስክር አለ ማለት አይቻልም።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ የጃፓኑ ቦይንግ አላስካ ላይ ያየውንስ? እዚያማ የመሬቱም የአውሮፕላኑም ራዳር አይቷል።

መልስ፦ ኖቬምበር 17 ቀን 1986 ከፓሪስ በሬይክያቪክ አድርጎ ወደ ቶኪዮ የፈረንሳይ ወይን የጫነው በረራ 1628 ነው። ካፒቴን ኬንጁ ቴራውቺ በ35,000 ጫማ ላይ መጀመሪያ ብርሃኖች፣ በኋላም ከአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ የሚበልጥ ጥላ አየሁ አሉ። ሁለቱ የሥራ ባልደረቦቻቸው ያዩት ግን ብርሃን ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ራዳር መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ሞገድ ልኮ ማሚቶ ይጠብቃል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የማሚቶው ጉልበት ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል። ሁለተኛው በ1030 ሜጋኸርዝ ይጠይቃል፣ የአውሮፕላኑ ትራንስፖንደር በ1090 ባለ አራት አኃዝ ኮዱን ይመልሳል። ትራንስፖንደር የሌለው ነገር በሁለተኛው አይታይም። የመሬቱ ኮምፒዩተር ማሚቶውንና የትራንስፖንደሩን መልስ አንድ ላይ ማጣመር አለበት፤ ካልተጣጣሙለት ከአውሮፕላኑ አጠገብ ሌላ ነጥብ ይወጣል። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር በማርች 1987 ሁለተኛዋ ነጥብ የራሱ የቦይንጉ የተሰነጠቀች ምስል ናት አለ።

የአውሮፕላኑ ራዳር ደግሞ ዝናብ ለመፈለግ የተሠራ ነው። ካፒቴኑ ክልሉን 20 ማይል ላይ አድርገው በ7 እና 8 ማይል መካከል አረንጓዴ ምልክት አዩ። አረንጓዴ ማለት ደካማ ማሚቶ ነው፤ ያን ያህል ግዙፍ ብረት በዚያ ቅርበት ቢኖር ቀይ ይጠበቅ ነበር። እንዲያዩ የተላኩት የዩናይትድ አየር መንገድ አውሮፕላንና አንድ ሲ-130 የጦር አውሮፕላንም ከቦይንጉ በቀር ያገኙት የለም። የካፒቴኑ ብርሃኖች ምን እንደነበሩ ዛሬም ያከራክራል፤ «በራዳር ተረጋገጠ» የሚለው ግን አይቆምም።

ጥያቄ (የሌሊት በረራ ላይ ካለ ረዳት አብራሪ)፦ ከአድማስ በላይ ብልጭ ብለው የሚጠፉ፣ የሚከታተሉ የሚመስሉ ብርሃኖች እናያለን። ምን እንመዝግብ?

መልስ፦ ከመመዝገብዎ በፊት የኮክፒቱን መብራት ይቀንሱና ራስዎን ወደ ጎን ያንቀሳቅሱ፤ ብርሃኑ አብሮ ከተንቀሳቀሰ የመስኮቱ ነጸብራቅ ነው። ቀጥሎ ብርሃኑን ከመስኮቱ ፍሬም ጋር አስተካክለው ይያዙት። በጨለማ ውስጥ ብቻዋን ያለች ብርሃን ረጅም ጊዜ ሲያፈጡባት የምትዋኝ ትመስላለችና፣ ከፍሬሙ ካልራቀች ዓይንዎ ነው የተንቀሳቀሰው።

ብልጭታዎቹ ጠልቃ ያለችው ፀሐይ ካለችበት አቅጣጫ በላይ፣ ለአድማስ ቀርበው ተራ በተራ የሚመጡ ከሆነ የስታርሊንክ ሳተላይቶችን ይጠርጥሩ። ፀሐይ አንጸባራቂ ገጻቸው ላይ ስታርፍ ለጥቂት ሴኮንድ ይደምቃሉ፤ አንዱ ሲጠፋ ሌላው በዚያው ቦታ ይተካል። የሚከታተልዎ የሚመስለው ለዚህ ነው።

ይህ ካልሆነ የዩቲሲውን (ዓለም አቀፉን) ሰዓት እስከ ሴኮንዱ፣ ቦታዎን፣ ከፍታዎንና የአውሮፕላኑን አቅጣጫ ይጻፉ። ብርሃኑ ያለበትን አቅጣጫ እንደ ግድግዳ ሰዓት ቁጥሮች (የአውሮፕላኑ አፍንጫ 12 ሆኖ)፣ ከአድማስ ያለውን ከፍታ በጭብጥ ይለኩ፤ እጅ ተዘርግቶ ጭብጥ በግምት 10 ዲግሪ ነው። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ልኬቱን ይድገሙት፣ ያለዚያ መንቀሳቀሱን ማስላት አይቻልም። ለተቆጣጣሪው «በዚህ አቅጣጫ ትራንስፖንደር የሌለው ማሚቶ ይታያል?» ብለው ይጠይቁ፤ የግጭት ማስጠንቀቂያው መሣሪያ ባዶ መሆኑ ምንም አያረጋግጥም፣ ትራንስፖንደር የሌለውን ባሉን አያየውምና።

ርቀትና ፍጥነት ግን አይገምቱ። ፔንታጎን በ2020 በይፋ ካወጣቸው ቪዲዮዎች አንዱ ባሕር ላይ የሚወነጨፍ ነገር ያሳያል። ናሳ በ2023 የስክሪኑን ቁጥሮች ሲያሰላ ነገሩ 13,000 ጫማ ላይ፣ በሰዓት 40 ማይል ያህል ብቻ ሲጓዝ አገኘው፤ የሚሮጠው ካሜራውን የተሸከመው ጄት ነበር። ስለዚህ ቅጹ ላይ «ርቀት» የሚለውን ቦታ ባዶ ይተዉት፤ ዲግሪውንና ሰዓቱን ብቻ በትክክል ይሙሉ።