ግድግዳውን 80 ሴንቲ ለመግፋት ምን ያህል ወጪ አለው?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው አፓርታማ ውስጥ ነው። ሳሎኑ ሰፊ ነው፤ መኝታ ቤቱ ግን አልጋና ቁም ሳጥን ከገባበት መተላለፊያ የለውም። መሀል ያለውን የብሎኬት ግድግዳ 80 ሴንቲ ሜትር ወደ ሳሎን ለመግፋት ሁለት ባለሙያ ጠየቅን። የአንዱ ዋጋ የሌላው እጥፍ ሆነ። የትኛውን እንመን?»

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ዋጋ የሰጡት ለተለያየ ሥራ ይመስለኛል። ርካሹ አፍርሶ መገንባትን ብቻ አስቦ ይሆናል። ውዱ ደግሞ ቀለም ተቀብቶ፣ መብራት በርቶ እስኪያስረክባችሁ ያለውን ሁሉ። ግድግዳ ሲዘዋወር ብዙውን ገንዘብ የሚበላው ዙሪያው ነው።

ከዋጋው በፊት ግን ግድግዳው ሸክም ተሸካሚ፣ ማለትም የሕንፃውን ክብደት የያዘ፣ አለመሆኑን አረጋግጡ። በኮለንና በቢም (በኮንክሪት ምሰሶና አግዳሚ) በቆመ ሕንፃ ላይ የብሎኬት ግድግዳ አብዛኛውን ጊዜ ክፍል መለያ ነው። «አብዛኛውን ጊዜ» ብሎ ግን ማፍረስ አይቻልም። አንኳኩቶ ወይም ውፍረቱን ለክቶ የሚነግራችሁን አትስሙ። የሕንፃውን የስትራክቸር ፕላን የሚያነብ መሐንዲስ ይምጣ፤ የሕንፃው አስተዳደርና የግንባታ ፈቃድ ሰጪውም ይወቁት። የመሐንዲሱ ክፍያ ከጠቅላላው ወጪ አንጻር ትንሽ ነው። እሱን ለመቆጠብ ብላችሁ የጎረቤቶቻችሁን ቤት ጭምር አደጋ ላይ አትጣሉ።

መሐንዲሱን አዲሱ ግድግዳ የሚያርፍበትንም ጠይቁት። አሮጌው ከሥሩ ቢም ኖሮት፣ አዲሱ ከሥሩ ቢም የሌለው ሶሌታ (በፎቆች መሀል ያለው የኮንክሪት ንጣፍ) ላይ ሊያርፍ ይችላል። ባለ 10 ሴንቲ ብሎኬት ግድግዳ ሁለቱም ፊቱ ሲለሰን በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 4 ሜትር ርዝመትና 2.8 ሜትር ቁመት ካለው፣ ከ2 ቶን በላይ ክብደት ቦታ ቀየረ ማለት ነው። ያው 2 ቶን ፍርስራሽ ሆኖም በደረጃ መውረድ አለበት። ሲፈርስ ደግሞ ይነፋል፤ ከግማሽ በላይ ተጨማሪ ቦታ ይይዛል። ርካሹ ዋጋ ውስጥ ማውረጃና ማጓጓዣው መኖሩን ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው።

አሁን ወደ ወለሉ። አሮጌው ግድግዳ ሲነሳ 15 ሴንቲ ያህል ስፋት ያለው ሴራሚክ ያልተነጠፈበት መስመር ይቀራል። ተመሳሳይ ሴራሚክ ከተገኘ እሰየው። ካልተገኘ ምንም ያህል ጎበዝ ባለሙያ ቢሠራው ጥገናው ይታያል። ከሳሎኑ ወለል 80 ሴንቲውም ወደ መኝታ ቤት ይገባል። የሁለቱ ክፍሎች ወለል የተለያየ ከሆነ ሙሉ ክፍል ወደ መቀየር ትሄዳላችሁ፤ ያኔ የወለሉ ወጪ ከግድግዳው ይበልጣል። ዞኮሎውም (የግድግዳው ግርጌ ላይ የሚዞረው ጠርዝ) አብሮ ይታሰብ።

መብራቱም እንዲሁ። ማብሪያ ማጥፊያውና ሶኬቱ ከግድግዳው ጋር ይነሳሉ፤ ሽቦው ከሶሌታ ወይም ከወለል የሚመጣ ከሆነ አዲስ መስመር መሳብ ያስፈልጋል። የጣሪያው አምፖልም በሁለቱም ክፍሎች ከመሀል 40 ሴንቲ ይሸሻል። አንድ ነገር ደግሞ ዛሬውኑ በሜትር ለኩ፦ የአዲሱ ግድግዳ ጫፍ የውጪው ግድግዳ ላይ የት ይደርሳል? መስኮት መሀል ላይ ከወደቀ 80ው ሴንቲ መቀነስ ይኖርበታል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ አዲሱን በብሎኬት አልሠራውም። በጂፕሰም ቦርድ ነው የምሠራው። በሁለቱም ፊት አንድ አንድ ቦርድ ያለው ግድግዳ በካሬ ሜትር 25 ኪሎ አካባቢ ነው፤ ሶሌታውን አያስጨንቅም። ሽቦው መሀሉ ያልፋል፤ ልስን ስለሌለው እስኪደርቅ ሳምንታት አትጠብቁም። መኝታ ቤት ስለሆነ ግን መሀሉ ድምፅ የሚያፍን ሮክ ውል ይሞላ። ቴሌቪዥን የሚሰቀልበት ቦታ ላይ ከመዘጋቱ በፊት ጠንካራ እንጨት ይግባበት፤ ቦርዱ ብቻውን አይሸከምም።

ሁለቱንም ባለሙያዎች መልሳችሁ ጥሩና ዋጋውን ለየብቻ አስጽፏቸው፦ ማፍረስ፣ ፍርስራሽ ማውጣት፣ አዲሱ ግድግዳ፣ በር ካለ በሩ፣ ኤሌክትሪክ፣ ወለል፣ የጣሪያና የጎን ግድግዳ ጥገና፣ ቀለም። ያኔ ልዩነቱ የት እንዳለ ራሱ ይታያችኋል። ከድምሩ ላይ ከ15 እስከ 20 በመቶ ለመጠባበቂያ ያዙ፤ የቆየ ግድግዳ ውስጥ ያልተጠበቀ ቱቦ ማግኘት የተለመደ ነው። የመጨረሻውን ክፍያ ደግሞ ፍርስራሹ ከግቢ ወጥቶ፣ ሶኬቶቹ ሁሉ ተሞክረው ሳታዩ እንዳትለቁ።