የጦር ሰፈር ስንቅ የሚጭኑት ጋሪዎች የት ያድሩ ነበር?

ወንድሜ፣ በ1800ዎቹ በምዕራብ አሜሪካ ላሉ የጦር ሰፈሮች ስንቅ የሚያመላልሱት ሰዎች የት ያድሩ ነበር፣ ዛሬስ የሚታይ ነገር አለ ወይ ብለሃል። እኔ ከዴንቨር አልበከርኪ አይ-25 በሚባለው አውራ ጎዳና ጭነት ስለማመላልስ መንገዱን አውቀዋለሁ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።)

ጫኞቹ ወታደሮች አይደሉም፤ ኮንትራት የወሰዱ ነጋዴዎች ናቸው። በ1855 ትልቁን ሥራ የያዘው ራስል፣ ሜጀርስ እና ዋዴል የሚባል ድርጅት ነው። ሜጀርስ ሃይማኖተኛ ስለነበር ሠራተኞቹን እንዳይሳደቡና እንዳይጠጡ ያስምላቸው ነበር። ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ የማይሳደብ ሹፌር ካለ አሳዩኝ! በ1857 የአሜሪካ መንግሥት ጦር ሞርሞን የሚባሉት የሃይማኖት ተከታዮች ወደሰፈሩበት ዩታ ሲዘምት፣ የሞርሞኖቹ ሚሊሻ ለጦሩ ስንቅ ከሚጭኑት የድርጅቱ ጋሪዎች ከ50 በላይ ከነጭነታቸው አቃጠለ፤ ከዚያ በኋላ ከዕዳ አልወጡም።

ወደ ማደሪያው ስመጣ፣ አብዛኛው መንገድ ላይ ቤት የሚባል ነገር የለም። 25 ያህል ጋሪ አንድ ላይ ይጓዛል፤ እያንዳንዱን 6 ጥማድ በሬ ይጎትተዋል። በሬ የተመረጠው እንደ በቅሎ እህል ስለማይፈልግ ነው፤ ሳር ከበላ ይበቃዋል። ስለዚህ የሚታደረው ውሃና ግጦሽ ባለበት ነው። ጋሪዎቹን ክብ አድርገው ሲያቆሙ በፊልም አይተሃል፤ ለጥቃት መከላከያም ይሆናል፣ የዘወትር ሥራው ግን በረትነት ነው። ሌሊት ሲግጡ ያደሩትን በሬዎች ጠዋት ወደ ውስጥ ነድተው እዚያው ይጠምዷቸዋል። ሰዉ ጋሪው ሥር ይተኛል። ካንሳስ ካለው የጦር ሰፈር ከፎርት ሌቨንዎርዝ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ እስካለው ፎርት ዩኒየን ከ1,100 ኪ.ሜ በላይ ነው፤ በቀን 25 ኪ.ሜ ያህል እየተሄደ አስበው።

ማደሪያ ቤት የነበረው ነብራስካ ውስጥ የፕላት ወንዝን ተከትሎ በሚሄደው መንገድ ላይ ነው። እንጨት ስለሌለ ሳሩን ከነአፈሩ እየቆረጡ እንደ ጡብ ደርድረው ይሠሩታል። ባለቤቱ ምግብና መጠጥ ይሸጣል፤ ዋና ትርፉ ግን በሬ መለወጥ ነው። ሁለት የዛለ በሬ ተቀብሎ አንድ ጠንካራ ይሰጥሃል፣ የዛሉትን አሳርፎ አብልቶ ለቀጣዩ መንገደኛ ያቀርባቸዋል። ከእነዚህ ቤቶች ብዙዎቹ በነሐሴ 1864 ሻየንና ላኮታ ከሚባሉት የአገሩ ነባር ሕዝቦች ጋር በተደረገው ጦርነት ተቃጠሉ።

ለማየት ከፈለግክ ኒው ሜክሲኮ ዋትረስ ላይ ከአይ-25 ውጣና ፎርት ዩኒየን ግባ። በ1851 ተቋቁሞ የአካባቢው ሰፈሮች ሁሉ የሚቀለቡበት ግምጃ ቤት ነበር። በብርዱ ወራት ግጦሽ ስለሌለ ጭነቱ በሞቃቱ ወራት ገብቶ መከማቸት ነበረበት፤ መጋዘኑ ያን ያህል የገዘፈውም ለዚህ ነው። ባቡሩ በ1879 አካባቢው ሲደርስ ሥራው ቀዘቀዘ፣ በ1891 ተዘጋ። ዛሬ የቀረው የጭቃ ጡብ ግድግዳና የጢስ መውጫ ነው። የጋሪዎቹ መሄጃ ግን ሜዳው ላይ እንደ ሰፊ ቦይ ሰርጉዶ ይታያል። ቀትር ላይ ከሄድክ ሜዳ ብቻ ነው የሚመስልህ፤ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ሂድ፣ ጥላው ያወጣዋል። ነፋሱ አይጣል ነው፣ ዛፍ የለም፣ ውሃ ያዝ። እባብም ስላለ ከእግር መንገዱ አትውጣ።