ስጠራው ይሰማኛል፣ ታዲያ ሽቦው ለምን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ልጄ 5 ዓመቱ ነው። አፉን የፈታው በጊዜው ነው፤ ግን «ከረሜላ»ን «ተለሜላ» ይላል፣ ከቤት ሰው ውጪ የሚገባው የለም። ሐኪሙ ጭንቅላቱ ላይ ሽቦ ተለጥፎ የመስማት ምርመራ ይደረግለት አለን። ልጁ እኮ ከጓዳ ሆኜ ስጠራው ይመጣል! እናቴ ደግሞ እንጥሉን አስቆርጪው ትላለች። ግራ ገባኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ እንጥሉን በፍጹም እንዳታስነኪው። መቁረጡ ደም ያፈሳል፣ ኢንፌክሽን ያመጣል፣ «ከ»ን ግን አያስተካክልም። እናትሽንም ቀስ ብለሽ አስረጂያቸው።

ሽቦው ወደ ልጁ ኤሌክትሪክ አይለቅም፣ የሚያነብ ብቻ ነው። ግንባሩ ላይና ከጆሮው ጀርባ ይለጠፋል፣ በማዳመጫ «ጠቅ ጠቅ» የሚል ድምፅ ይገባል፣ ከዚያ የመስማት ነርቩና የአንጎል ግንዱ የሚሰጡት ምላሽ፣ በ10 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ያለው ማለት ነው፣ ኮምፒውተሩ ላይ ሞገድ ሆኖ ይወጣል። ሞገዱ ከዘገየ ወይም ከጠፋ ከጆሮ ወደ አንጎል በሚሄደው መስመር ላይ አንድ ነገር አለ ብለው ይጠረጥራሉ። ኤቢአር ይሉታል። አያምም።

«ስጠራው ይመጣል» ያልሽው ግን አላሳመነኝም። ስሙን ሰምቶ የሚመጣ ልጅ እነ «ስ»ን፣ «ሽ»ን፣ «ፍ»ን የመሳሰሉ ቀጫጭን ድምፆች ላይሰማ ይችላል። ጉንፋን ሲመላለስበት ከታምቡሩ ጀርባ ውሃ የሚቋጥርም አለ። ስለዚህ መጀመሪያ ከአንገት በላይ ሐኪም ጆሮውን ይይለት፣ የታምቡሩ እንቅስቃሴ ይለካ፣ ከዚያ በማዳመጫ ድምፅ በሰማ ቁጥር እጁን እያነሳ ይመርመር። የ5 ዓመት ልጅ ይህን ይችላል። ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ኤቢአሩ ለምን እንዳስፈለገ ሐኪሙን ሳታፍሪ ጠይቂ። ሲወለድ ከባድ ቢጫነት ወይም በኋላ ማጅራት ገትር ይዞት ከነበረ ግን አታመንቺ፣ አስደርጊው። ጆሮው ድምፁን ተቀብሎ ነርቩ አዛብቶ የሚያስተላልፍበት ችግር አለ፣ እሱን የሚያጋልጠው ይኸው ምርመራ ነው።

ውጤቱ ደህና ነው ቢሉሽም «ምንም የለበትም» ብለሽ እንዳትተዪው። «ጠቅ ጠቅ» ንግግር አይደለም፤ መስማቱ ደህና ሆኖ «ከ»ን እና «ተ»ን የሚያምታታ ልጅ ብዙ ነው። የንግግር ባለሙያ ጋር ቀጠሮ ያዢ፣ ውጤት እስኪመጣ አትጠብቂ።

ለምርመራው ቀን ፀጉሩን እጠቢው፣ ቅቤም ቅባትም አይነካው፣ ሽቦው አይጣበቅም። ማታ አምሽቶ ይተኛ፣ ጠዋትም በጊዜ ቀስቅሺው። እዚያ ሄዶ እንቅልፍ ከወሰደው ሥራው ይቀላል፤ ከተወራጨ ግን ሞገዱ ይበላሽና ሌላ ቀን ተመለሱ ይሏችኋል።